የማትበሰብሰው ጀልባ

«ፋይበር አይበሰብስም ብለውኝ ነው የገዛሁት።»

ይህን ያሉኝ በጣና ሐይቅ ዳር፣ ጎርጎራ ላይ ሰው የምታመላልስ አንዲት ጀልባ ያላቸው አዛውንት ናቸው። በአነጋገራቸው ቁጣም አቤቱታም አልነበረበትም፤ ሲገዙ የሰሙትን ቃል ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ደገሙልኝ። የሚያስቸግረው ቃሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው። ፋይበር ግላስ በእርግጥ አይበሰብስም። የመስታወት ክር በደረቀ ሬዚን፣ ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ በሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር ተይዞ የሚቆም ነገር ስለሆነ ፈንገስ የሚመገበው አንዳች ነገር የለበትም። ይህም ሆኖ በፊታችን የነበረችው ጀልባ በስብሳ ነበር። እውነት የሆነ ቃልና የበሰበሰ ጀልባ እንዴት አንድ ላይ ሊገኙ እንደቻሉ ከጯሂት እስከ አዘዞ መኪና ውስጥ ሳብሰለስል መጣሁ፤ ጎንደር ከገባሁ በኋላም ሐሳቡ አልለቀቀኝም።

ሙያዬ አናጺነት ነው። በርና መስኮት፣ ቁም ሣጥንና አልጋ ስሠራ የኖርሁ ሰው ስሆን ከሬዚንና ከፋይበር ጋር የተዋወቅሁት በውሃ ታንከርና በመኪና አካል ጥገና በኩል ነው። ወደ ጎርጎራ የተጠራሁበት ጉዳይም ቀላል ተደርጎ ነበር የተነገረኝ፤ ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ስለታየ ስቱኮ ተደርጎበት፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቀለም ይቀባልን የሚል ነበር። ጀልባዋን የሠራውን ድርጅት ስም እዚህ አላነሣም። እኔ የምጽፈው ጉዳይ ከአንድ ድርጅት የሰፋ ነውና፤ አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፋይበር ጀልባ በብዛት መሠራት ከጀመረ ወዲህ የኋላ ግድግዳ መበስበስ እዚያም የታወቀ በሽታ ነው።

ትንሽ ስንጥቅ

ጀልባዋን ከውሃ አውጥተው በባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ አሳርፈዋት ነበር። የኋላ ግድግዳዋ ከውጭ ሲታይ እንከን አይወጣለትም፤ ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ መዳፍ ሲያሳልፉበት ያንሸራትታል። ስንጥቁ ከሞተሩ መያዣ የታችኛው ብሎን ሥር ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ፣ ጥፍር እንኳ የማያስገባ ቀጭን መስመር ነበር። ስቱኮ ቢደረግበት በአንድ ከሰዓት ይጠፋል፤ ክፍያውን ተቀብሎ ወደ ቤት መመለስም ይቻል ነበር።

ነገር ግን ጀልባዋን የሚነዳውን ካፒቴን፣ የሞተሩን የታችኛውን ጫፍ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲገፋው ለመንሁት። ግድግዳው ጤነኛ ከሆነ እንዲህ ሲደረግ ጀልባዋ በሙሉ አብራ ትነቃነቃለች። ይህቺኛይቱ ግን ጀልባዋ ጸጥ ብላ ግድግዳው ብቻውን ይተጣጠፍ ጀመር። በመዶሻ እጀታ ከዳር ጀምሬ አንኳኳሁት። በሁለቱ ጎኖች በኩል ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ወደ መሐል እየተጠጋሁ ስሄድ ድምፁ እየደነዘዘ ሄደ፤ ከሞተሩ መያዣ ሥር ስደርስ ጭራሽ ታፈነ። በዚያ ጊዜ ነገሩን ጠርጥሬያለሁ፤ ጥርጣሬ ግን ባለቤትን አያሳምንም።

ስለዚህ ትራፓኖው ላይ 6 ሚሊ ሜትር መብሻ አስገብቼ፣ ወደ ውጭ እንዳይዘልቅ በፕላስተር ልኩን ምልክት አድርጌ፣ ከጀልባዋ ውስጥ በኩል በሳሁ። በመጀመሪያ የወጣው የፋይበሩ ነጭ ዱቄት ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ደረቅና ፈዘዝ ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ መምጣት ነበረበት። የመጣው ግን የጠላ አተላ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ነገር ነው። በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ስጨምቀው ውሃ ጠብ አለ፤ ሽታውም የሻገተ እንጨት ሽታ ነበር። አዛውንቱ አጎንብሰው ጣቶቼን ተመለከቱ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት ነው ጋሼ።»

«የምን እንጨት? እንጨት አላት እንዴ?»

ከዚያች ዕለት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ጥያቄ ነው። ሰውየው ይህችን ጀልባ ገዝተው፣ ሞተር ገጥመው፣ መነኮሳትንና ተሳላሚዎችን ወደ ማንዳባ ገዳም ሲያመላልሱባት ቆይተዋል፤ በውስጧ እንጨት እንዳለ ግን የነገራቸው አልነበረም። ሻጩ አልዋሻቸውም። ፋይበር አይበሰብስም ብሏል፤ አይበሰብስምም። ፋይበሩ ምን እንደ ሸፈነ ግን እሳቸው አልጠየቁም፣ እሱም አልተናገረም። የአገራችን ሰው «ውስጡን ለቄስ» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው።

እንጨቱ ያለ ምክንያት አልገባም። የፋይበር ንጣፍ ሲስቡት የሚበረታ፣ ቀጭን ሆኖ ሲቀር ግን የሚተጣጠፍ ነገር ነው፤ የአንድ ግድግዳ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ መተጣጠፍን የመቋቋም አቅሙ ወደ 8 እጥፍ ያድጋል። ውፍረቱ በሙሉ በፋይበርና በሬዚን ይሁን ቢባል ጀልባዋ ትከብዳለች፣ ዋጋዋም አይቀመስም። ስለዚህ ሠሪዎች በሁለት የፋይበር ንጣፎች መካከል ኮምፔንሳቶ፣ ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የሚሠራውን ጣውላ ያስገባሉ። የኋላ ግድግዳ ብዙ ጊዜ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ የዚህም አብዛኛው እንጨት ነው። ከወለሉ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚዘልቁት ተሸካሚዎችም፣ ወለሉ ራሱም እንዲሁ ናቸው። አሠራሩ በራሱ ነውር የለበትም፤ በአግባቡ ከተሠራ አሥርተ ዓመታት ያገለግላል።

ውሃው በየት ገባ?

አዛውንቱ ወዲያው ወደ ሐይቁ ነበር ያመለከቱት። ቀን ከሌት ውሃ ላይ የምትውል ጀልባ ውሃ ቢገባባት ምን ይገርማል የሚል ነበር ሐሳባቸው። እኔም የውስጠኛውን የፋይበር ንጣፍ በመቁረጫ ቆርጬ እስክገልጠው ድረስ የተለየ ሐሳብ አልነበረኝም። ንጣፉ ሲነሣ ግን እንጨቱ ታሪኩን በቀለሙ ጽፎት ተገኘ። ከታች፣ ከግድግዳው በስተግራ፣ ጥቁሩ ከሁሉም የከፋበት አንድ ክብ ቦታ ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ እየሰፋ ወደ ሞተሩ ብሎኖች ይወጣል። ከላይ በኩል ደግሞ ሌላ ጥቁረት፣ ከግድግዳው ጫፍ ጀምሮ እንደ ተንጠባጠበ ሆኖ ወርዷል። ሁለቱ ከብሎኖቹ ዙሪያ ተገናኝተዋል።

የታችኛውን ክብ ከውጭ በኩል ለክቼ ስመለከተው የውሃ መምጠጫ ፓምፑን ቱቦ የምትይዝ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ አገኘሁ። በሁለት አጫጭር ቪቴዎች ተመትታለች። ቪቴዎቹን በካቻቢቴ ስፈታቸው በጥርሳቸው ላይ የማሸጊያ ምልክት አልነበረም፤ አንደኛው ዝጎ ግማሹ ቀርቷል። ካፒቴኑ ስለ መያዣዋ ሲጠየቅ፣ ቱቦው እየተንከላወሰ ሲያስቸግር አንድ ሰው በደቂቃ ውስጥ እንደ ገጠማት አስታወሰ። የሞተሩን ከባድ ብሎኖች የገጠመው ፋብሪካ ግን በደንብ አሽጓቸው ስለነበር በእነርሱ በኩል የገባ ውሃ አልነበረም።

የላይኛው ጥቁረት ምክንያት ሌላ ነው። የግድግዳው የላይኛው ጫፍ በፋይበር አልተሸፈነም፤ ጥሬው የኮምፔንሳቶ ጫፍ በአሉሚኒየም ላሜራ ብቻ ተከድኖ ላሜራው በቪቴ ተመትቷል። እንጨት የሚያውቅ ሰው የተቆረጠ ጫፍ ከገጹ ይልቅ ውሃ በብዙ እጥፍ እንደሚጠጣ ያውቃል። በዚህ በኩል የገባው የሰማይ ውሃ ነው። ጀልባዋ ጎብኚ በማይኖርበት ክረምት ሽፋን ሳይደረግላት ዳር ላይ ትከርማለች፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ በላሜራው ሥር እየሰረገ ጫፉን ያጠጣዋል። ወደ ሆዷ የገባውም ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ የመውጫው ቀዳዳ በቅጠልና በጭቃ ስለሚደፈን ቆሞ ይሰነብታል። እንዲህ ዓይነት ጀልባዎች ከሚንሳፈፉበት ውሃ ይልቅ ከላይ በሚወርደው የሚበሰብሱበት ጊዜ ይበዛል ብል ጎርጎራ ላይ የሚያምነኝ ሰው አገኛለሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ያየሁት ግን ይህን ነው።

የቀረውን ካፒቴኑ ራሱ ሳያውቀው ነገረኝ። «ብሎኖቹ እየላሉ ሲያስቸግሩ ነበር ጋሼ፤ በየጊዜው እናጠብቃቸዋለን» አለ። ብሎኖቹ አልላሉም ነበር። ከሥራቸው ያለው እንጨት እየለሰለሰ ሲሄድ ሮንዴላው ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሲጠብቅ የበለጠ ይሰምጣል፤ በመጨረሻም የውጭው ፋይበር ጭነቱን ብቻውን ተሸክሞ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ደግሞ አዲስ ውሃ ይገባል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በወንዝ ለሚሻገር ሰው ብቻ የተነገረ አይመስለኝም። የበሰበሰ ጀልባ ሲበሰብስ አንድም ቀን አላመመውም፤ ያመመው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ጊዜም ስቱኮ ይበቃዋል ተባለ።

ፈንገስ እንጨትን ለመብላት እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ሥራውን ያቆማል፤ ጎንደር ላይ በበጋ አየር በሚያገኝበት ቦታ የተደረደረ ጣውላ ከዚህ በጣም በታች ይደርቃል። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የተቀበረ ግንድም አየር ስለማያገኝ ረጅም ዘመን ይቆያል። የሚበሰብሰው በሁለቱ መካከል ያለው፣ እርጥብ ሆኖ ትንሽ አየር የሚያገኘው ነው። በሁለት ፋይበር መካከል የታሸገ፣ በአንዲት ቪቴ ቀዳዳ ውሃ የሚጠጣ ኮምፔንሳቶ ከዚህ የተሻለ የመበስበሻ ቦታ አያገኝም። ውሃው በቀዳዳው ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም።

ለእኛ ለጎንደር ሰዎች ይህ አዲስ ትምህርት መሆን አልነበረበትም። የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ በጣሊያን ጊዜ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገባባቸው፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን አስሮ ስለያዘ በኋላ በተደረጉት ጥገናዎች እየተነሣ በኖራ ተተክቷል። በየቀኑ በአጠገቡ የምናልፈው ግንብ ይህንኑ ሲነግረን ኖሯል፤ ዳሩ ግን ግንብ የምናየው ለሠርግ ፎቶ ነው።

ጣና ጨው የለውም

ስለ ፋይበር ጀልባ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ከባሕር ዳርቻ አገሮች የመጣ ነው፤ ጣና ላይ እንዳለ መቅዳት ግን አያስኬድም። ጨው ፈንገስን ያዳክማል፤ በቀድሞ ዘመን የእንጨት መርከብ ሠሪዎች በመርከቡ ጎድኖች መካከል ጨው ይሞሉ የነበረው ለዚህ ነው። የጣና ውሃና የደምቢያ ዝናብ ግን ጨው የለባቸውም። ስለዚህ በባሕር ላይ ቀስ እያለ የሚሄደው መበስበስ እዚህ የሚያዘገየው የለም። በጄልኮቱ፣ ማለትም በሚያብረቀርቀው የውጭ ሽፋን ላይ የሚወጡት፣ ሲበሱ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ የሚያወጡት እብጠቶችም ጨው በሌለው ውሃ የበለጠ ይፈጥናሉ። እነዚህ ግን የእንጨት መበስበስ ሳይሆኑ የሬዚኑ የራሱ ሕመም ናቸው፤ ሁለቱን እያደባለቁ ጀልባ የሚያስጥሉ ሰዎች ስለገጠሙኝ ነው ማንሣቴ።

ሌላው ነገር ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሞተር ደግሞ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ጎርጎራ ላይ የሚሰጠው 33 ቢሆን ነው። ባለ ጀልባዎች ይህን በልምድ ስለሚያውቁት አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ይገዛሉ። ከፍ ያለ ሞተር ከባድ ነው። ግድግዳው የተሠራው ግን ለመጀመሪያው ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ሲናወጥ ያ ሁሉ ክብደት በእያንዳንዱ ማዕበል ግድግዳውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ጀልባ ሲታዘዝ ሞተሩ ስንት ኪሎ ነው የሚለው ጥያቄ ስንት ሰው ትይዛለች ከሚለው እኩል መጠየቅ ይኖርበታል ብዬ አምናለሁ፤ ሲጠየቅ ግን አልሰማሁም።

ጀልባዋን ስንገልጥ በዋልንበት ቦታ አጠገብ አንድ ሰው ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ከዛፍ ጋር አቁሞ ሲያስደግፍ አየሁት፤ ውሃው በደንገሉ ጭራ በኩል እየተንጠባጠበ ይወርድ ነበር። ታንኳ የሚሠራ ሰው ደንገል እንደሚበሰብስ ያውቃል፤ ታንኳው ከወራት በላይ እንደማያገለግለውም ያውቃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ያደርቀዋል። የፋይበር ጀልባ ባለቤት ግን አይበሰብስም ስለተባለ አያደርቅም። ከሁለቱ ስለ ውሃ የተሻለ የሚያውቀው የትኛው ነው ብዬ ብጠየቅ መልሱ አይከብደኝም። ወደ ደንገል እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ በታንኳ ላይ ያለው ጥንቃቄ ፋይበሩ ሲመጣ የት ሄደ ነው ጥያቄዬ።

ዋንዛ እናድርግበት

የበሰበሰው እንጨት በእጅና በስኮርቤሎ ተጠርጎ ወጣ። የውጭው ንጣፍ ብቻ ሲቀር አዛውንቱ ጥሩ ሐሳብ ይዘው መጡ፤ ኮምፔንሳቶ ስለማይታመን ቦታው ላይ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ እንዲገባ ፈለጉ። እኔ ዋንዛ እወዳለሁ። በሩም ከበሮውም ከእርሱ ሲሆን ያምራል፣ ይቆያል። እዚህ ቦታ ግን አልስማማሁም። ወፍራም ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በስፋቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ በፋይበር ውስጥ ሲታሰር ይህ እንቅስቃሴ ማጣበቂያውን እየላጠ ይሄዳል። ኮምፔንሳቶ ንብርብሩ አንዱ በአንዱ ላይ ተሻግሮ ስለተጣበቀ ልኩን ይይዛል። ከሁለቱ የተሻለው ይህ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያል። ለኮርኒስና ለፎርም የሚሸጠው፣ መካከሉ ላይ ባዶ ክፍተት ያለውና ሙጫው ውሃ የማይችለው ኮምፔንሳቶ ለዚህ አይሆንም። ለጀልባ የሚሆነው ሙጫው የፈላ ውሃ የሚችል፣ ንብርብሩም ክፍተት የሌለበት ነው። ጎንደር ገበያ ላይ አላገኘሁትም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ሆነ። ሲዘገይ የተነጫነጩት አዛውንቱ ናቸው፤ ፍርዳቸው ልክ ነበር፤ ጀልባ ቆሞ ገንዘብ አያመጣም።

ሁለት 18 ሚሊ ሜትር ንጣፎች ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ የሬዚን ዓይነት ተጣብቀው አንድ ሆኑ። ከመግባታቸው በፊት ገጻቸውም ጀርባቸውም፣ ከሁሉም በላይ ጫፎቻቸው፣ መጠጣት እስኪያቆሙ ድረስ ኢፖክሲ ተቀቡ። ኢፖክሲን የመረጥሁት ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ሬዚን በእንጨት ላይ መያዙ ደካማ ስለሆነ ነው፤ የአሮጌውን ውስጠኛ ንጣፍ ስነቅለው ከእንጨቱ በቀላሉ ተላቆ መጥቷል። ፖሊስተር ርካሽ ነው፤ ለቀፎው፣ ለጀልባዋ ዋና አካል ያገለግላል፤ እንጨትና ፋይበር የሚጋቡበት ቦታ ላይ ግን እኔ አላምነውም።

ቀፎውንም አጋጣሚውን ተጠቅሜ መረመርሁት። የፋይበር ሥራ ጥራት የሚታወቀው ከሚያብረቀርቀው ገጽ ሳይሆን ከተደበቀው ነው፤ ከወንበር ሥር፣ ከመጋዘኑ ክዳን ጀርባ፣ ከተቆረጠ ጠርዝ። ክሩ ነጭ ሆኖ ደርቆ የሚታይ ከሆነ ሬዚን አልጠገበም፤ በዚያ ክር ላይ ውሃ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሬዚኑ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ከጠነከረ ደግሞ ክር የሌለበት ሬዚን ስለሆነ ይሰባበራል። የተቆራረጠ ክር ንጣፍ በክብደቱ ሲሶ ያህል ክር፣ የቀረው ሬዚን ቢሆን ጥሩ ነው። በውስጡ የታሰሩ የአየር አረፋዎች ካሉ ሮለር የያዘው ሠራተኛ ቸኩሏል ማለት ነው። ማጠንከሪያው ከሬዚኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ቶሎ ይድረቅ ብሎ ማብዛትም፣ በሙቀት ቀን እንዳይቸኩል ብሎ ማሳነስም ሬዚኑን ያበላሸዋል። ሠራተኛው በዓይኑ ልክ የሚያንቆረቁርበትን ቤት አይቻለሁ፤ ከዚያ ቤት ጀልባ አልገዛም። የዚህች ጀልባ ቀፎ ግን፣ ሳልሸሽግ ልናገር፣ ጥሩ ተሠርቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ያበሳጨኝ። ያን ያህል የተደከመበት ቀፎ በአንድ ያልተሸፈነ ጫፍና በሁለት ቪቴ ከአገልግሎት ወጣ።

የብሎኖቹን ቀዳዳዎች አሠራር ካፒቴኑ ቆሞ እንዲያይ አደረግሁ፤ ከእኔ በኋላ ጀልባዋን የሚበሳት እሱ ነውና። ቀዳዳው ከብሎኑ በጣም ሰፍቶ ይበሳል፤ በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅ በመሐሉ በብሎኑ ልክ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲ እንጂ እንጨት አይደለም፤ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨት አያገኝም። ማሸጊያውም ለመስኮት የሚሸጠው ሲሊከን ሳይሆን ፖሊዩሬቴን የሚባለው ነው። ለፓምፑ ቱቦ መያዣ ደግሞ ቀዳዳ ጭራሽ አላስፈለገም፤ አንዲት የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በኢፖክሲ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ መያዣዋ በእርሷ ላይ ተመታች። የግድግዳው የላይኛው ጫፍ በፋይበር ተጠቀለለ፤ ላሜራው ተመልሶ አልገባም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደሚባለው፣ ቀሪው የባለቤቱና የካፒቴኑ ነው፤ በክረምት ሸራ ማልበስ፣ አፍንጫዋን ከፍ አድርጎ ማቆም፣ የኋላ ቡሽዋን ነቅሎ መውጫውን መጥረግ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ሥራ ርካሽ ነው፤ እኔ የወሰድሁት ገንዘብ ግን ርካሽ አልነበረም።

እንጨት የሌለው

አዛውንቱ ከዚህ በኋላ እንጨት የሚባል ነገር አልሰማም ብለው ሁለተኛ ጀልባ ፍለጋ ጀመሩ። እንጨት የሌለው፣ መካከሉ በፎም የተሠራ ጀልባ የሚሸጥ ሰው አግኝተው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፤ አንተ አነጋግረው አሉኝ። ሻጩ ያለውን በደስታ አደመጥሁ። ጥሩ ፎም ፈንገስ አይበላውም፣ ክብደቱም ትንሽ ነው፤ ከርካሽ ኮምፔንሳቶ ጋር ሲነጻጸር እኔም እመርጠዋለሁ።

ፎም ግን የራሱ ጠባይ አለው። ለስላሳ ስለሆነ ብሎን ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል። በጥሩ ፋብሪካ ብሎን በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ፎሙ ወጥቶ በምትኩ ጥቅጥቅ ያለ ነገር፣ ወይም ድፍን ፋይበር ይገባል። በተራ ፋብሪካ ደግሞ «እንጨት የሌለው» ተብሎ የተሸጠው ጀልባ ብሎን በሚያርፍበት ቦታ ላይ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ይገኝበታል፤ በሌላው ቦታ ያሉት ፎሞችም እንደየዓይነታቸው ውሃ የሚጠጡ አሉ። በተለይ ከወለል ሥር ለመንሳፈፊያ የሚፈስሰው ፎም ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲተኛ እየጠጣ ይከብዳል፣ በአጠገቡ ያለውንም ነገር አርሶ ያቆያል።

ስለዚህ ሻጩን የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሞተሩ ብሎኖች የሚያልፉበት ቦታ፣ የጥላው ቋሚዎች የሚታሰሩበት ቦታና ወንበሮቹ በወለሉ ላይ የሚመቱበት ቦታ በውስጡ ምን አለው? ፎም ነው አለኝ። ብሎኑ ፎሙን አይጨፈልቀውም ወይ አልሁት። እዚያ ላይ የተጠናከረ ነው አለ። በምን? መልሱ ለአፍታ ዘገየ፤ ሠራተኞቹን ጠይቆ እንደሚነግረኝ ተናገረ። ቀጥሎም ሁለተኛውን ነገር ለመንሁት፤ ጀልባው ከመከደኑ በፊት፣ የውስጠኛው ንጣፍ ሳይደረብ፣ ሠራተኛው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይላክልን፤ በውሉም ላይ ይግባ አልሁት። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ደንበኛ እንደሌለ ነገረኝ፤ በቅሬታ ይሁን በመገረም ከድምፁ መለየት አልቻልሁም።

አዛውንቱ ንግግራችንን በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሲያዳምጡ ቆይተው «ቀብዱን ልላክ ወይስ ልተው?» አሉኝ። ፎቶው ሲመጣ ይላካል አልኋቸው። ይህን ጽሑፍ እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ ፎቶውም አልመጣም፣ ቀብዱም አልተላከም።